ወጋየሁ ንጋቱ፤ በአንድ ጉሮሮ ብዙ ሰው

በእንዲህ ያለ የትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ አርበኞች መጻፍ የተለመደ ነው። እኛ ግን ስለ አንድ የቴአትር ሰው ልንጽፍ ወደድን። እርሳቸውም አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። ወላጆቻችን ስማቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፤ መልካቸው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ስንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ያመነታሉ። የሚያውቁት ድምፃቸውን ነውና።

አቶ ወጋየሁ ለጥበብ በተነሡበት ዘመን ተዋናይነት እንደ ቁም ነገር ሥራ አይቆጠርም ነበር። ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት የሚመኝ አባት፣ መድረክ ላይ መውጣቱን ሲሰማ አዝማሪ የሆነበት ያህል ያዝን ነበር። እርሳቸው ግን ጥበቡን እንደ ትምህርት ያዙት። በ1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማእከል ሠሩ፤ ከአቶ ደበበ እሸቱም ጋር ወደ ሃንጋሪ ተሻግረው በቡዳፔስት ከተማ ስለ ቴአትር ተማሩ። በብሔራዊ ቴአትር መድረክም፣ በተለይ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ድርሰቶች፣ ስመ ጥር ሆኑ።

ነገር ግን የመድረክ ሥራ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልፋል። ዛሬ እኛ ከአያት በባቡር ተሳፍረን፣ ለገሃር ወርደን፣ በ1948 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደዚያ ትልቅ አዳራሽ ብንገባ፣ አቶ ወጋየሁ የቆሙበትን መድረክ እንጂ ሥራቸውን አናገኝም።

ያተረፈልን ራዲዮ ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነበር፤ ዳሩ ግን ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ገዝቶ ለማንበብ ገንዘቡም ፊደሉም ያልነበረው ሕዝብ ብዙ ነው። በደርግ ዘመን አቶ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ራዲዮ፣ ከመጻሕፍት ዓለም በተባለው ዝግጅት፣ መጽሐፉን ሲተርኩት ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከተማረ ልጃቸው እኩል ስለ ሰብለ ወንጌል አዘኑ።

እኛም የተቀረጸውን ትረካ በስልካችን እያደመጥን፣ መጽሐፉን ዘርግተን ተከታትለነዋል። ተዋናይን በመድረክ ላይ ካባው፣ ጢሙና ከዘራው ያግዙታል፤ እርሳቸው ግን ከድምፅ በቀር ምንም አልያዙም። በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ይኮራሉ፣ በዛብህ ይሳቀቃል፣ ሰብለ ወንጌል ታለቅሳለች። ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን ጉዱ ካሳ ነው። አገሩ እንደ እብድ የሚቆጥረው ይህ ሰው የሚናገረው እውነት ነው፤ ተራኪው ጥቂት ቢያጋንነው መሳቂያ ይሆናል፣ ጥቂት ቢያከብደው ደግሞ ሰባኪ ይሆናል። አቶ ወጋየሁ ወደ ሁለቱም ሳይወድቁ መካከሉን ይዘው ሄደዋል። ይህ ቀላል የሚመስለው ቢኖር አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብና ይሞክረው!

እንዲህ ያለው ትረካ አንባቢው በራሱ አእምሮ ሰዎቹን እንዳይሥል ያደርገዋል ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። ነቀፋው ትንሽ እውነት አለበት፤ እኛም ዛሬ የጉዱ ካሳን ቃል በዝምታ ስናነብ የምንሰማው የእርሳቸውን ድምፅ ነው። ሆኖም መጽሐፉን እንድንከፍት ያደረገን ያው ድምፅ ነው።

አቶ ወጋየሁ ያረፉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ሳያረጁ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን እስከ 1996 ዓ.ም. በሕይወት ቆይተዋል፤ ደራሲው ከተራኪያቸው በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ኖሩ።