የአተሩ መነኩሴ ሜንዴል እና የእናትና የአባት ድርሻ

የተወለደው ጥጃ ወደ እናቱ ሄደ ወይስ ወደ አባቱ የሚለው በየአርሶ አደሩ ደጅ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ቆጥሮና መዝግቦ በመመለስ ስሙ የሚነሳው የገበሬ ልጁ ግሪጎር ሜንዴል ነው።

ሜንዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1822 ያኔ በኦስትሪያ ግዛት፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ አንቶን ለባላባት የጉልበት ግብር እየከፈለ የሚያርስ ገበሬ ነበር። በ1838 አባቱ በዛፍ ግንድ ተጎድቶ አቅሙ ሲደክም የሜንዴል ትምህርት ሊቋረጥ ተቃረበ። የደረሰችለት ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ናት፤ ለጋብቻዋ ከተያዘላት ድርሻ ከፍላ አስተማረችው። እሱም ኋላ ልጆቿን በማስተማር ውለታዋን መልሷል።

በ1843 በብርኖ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። የመምህርነት ፈተና ቢወድቅም በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመለሰ። ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ ጓሮ 28 ሺህ ያህል የአተር ተክል አበቀለ። አበባው ሳይፈካ ወንዴውን ክፍል እየነቀለ፣ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት እየነሰነሰ፣ ነፍሳት እንዳይደርሱበት እየሸፈነ አዳቀለ። ድብልብል ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድብልብል ሆነ። ከዚያ በተከተለው ትውልድ ግን 5 ሺህ 474 ድብልብል፣ 1 ሺህ 850 የተጨማደደ ፍሬ ቆጠረ፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው።

ሜንዴል በዚህ አላበቃም። ድብልብሉን አንድ ጊዜ እናት፣ ሌላ ጊዜ አባት አድርጎ ሞከረ። በመረመራቸው 7 ባሕርያት ሁሉ ዘሩ ከየትኛው ወገን መጣ የሚለው ለውጥ አላመጣም። ጽሑፉ በ1866 ቢታተምም ልብ ያለው ጥቂት ነበር። በ1868 የገዳሙ አበምኔት ሆነ፤ በ1884 በ61 ዓመቱ አረፈ። ሥራው ዕውቅና ያገኘው በ1900 ነው።

ባረፈ በ100 ዓመቱ፣ በ1984፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተደረጉ የአይጥ ሙከራዎች በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ወገን እንደሚለይ አሳዩ። የዘር ድርሻው በሙሉ ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የሆነ ፅንስ ለመወለድ አልበቃም። ምክንያቱ እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠሩ በአንዳንድ ዘረመሎች ላይ የሚለጠፍ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። ዘረመሉ ራሱ ሳይለወጥ የአንዱ ወላጅ ቅጂ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

ይህ አሠራር እንደ ዶሮ ባሉ እንቁላል ጣዮች አልታየም፤ ፅንስ በማህፀን በሚመገብባቸው እንስሳት ግን አለ። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት የአባት ወገን ዘረመል ፅንሱ ከእናቱ ብዙ እንዲወስድ ይገፋል፤ የእናት ወገን ደግሞ ለቀጣይ ወሊድ አቅም እንዲተርፋት ይገታል።

ጉዳዩ እርባታን ይነካል። በ1983 በአሜሪካ ኦክላሆማ የታየው ታፋው በጡንቻ የሚሞላ በግ ባሕርዩን የሚያሳየው ለውጡን ከአባቱ ብቻ ሲወርስ ነው። ከእናቱ የወረሰው ግልገል እንደ ማንኛውም በግ ይታያል፤ አውራ ሆኖ ሲወልድ ግን ባሕርዩ በግማሽ ያህሉ ግልገሎቹ ላይ ብቅ ይላል። በዓይን አይቶ የጣለው አርቢ ይህን ዘር ያጣል።

የሜንዴል ሕግ በዚህ አልተሻረም። ዘሩ አሁንም እሱ በቆጠረው መንገድ ይተላለፋል፤ መገለጡ ነው በወላጁ የሚወሰነው። ይህንንም ለመለየት የሚያስችለው ሜንዴል በአተሩ ጓሮ ያደረገው ነው፦ እናትንና አባትን ለየብቻ መመዝገብ።