የመርሳትን መጠን የለካው ሊቅ

ሰው የተማረውን ስንት ጊዜ ቢደግመው ይጸናለታል? ከጸናለትስ በኋላ በስንት ጊዜ ይረሳዋል? ይህን በግምት ሳይሆን በቍጥር ለመመለስ አስቀድሞ የተነሣው ጀርመናዊው ሊቅ ሔርማን ኤቢንግሐውስ ነው። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ባርመን በምትባል ከተማ ነው። በ1873 ከቦን ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እያስተማረ ሲዘዋወር፥ ፌሕነር የተባለው ሊቅ ስሜትን በሒሳብ ስለ መለካት የጻፈው መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር እጁ ገባ። ስሜት የሚለካ ከሆነ የማስታወስ ችሎታም ሊለካ ይገባዋል ብሎ ተነሣ።

ረዳት ስላልነበረው መርማሪውም ተመርማሪውም ራሱ ሆነ። ያስቸገሩት ግን ቃላት ናቸው። የታወቀ ቃል የኖረ ትዝታ እየጐተተ ስለሚመጣ መለኪያውን ያዛባል። ስለዚህ 2,300 ያህል ትርጕም የለሽ ድምፆች አዘጋጀ፤ በእኛ ፊደል ቤፍ፥ ዚክ፥ ሩፕ እንደ ማለት ነው። በ1879 ጀምሮ እነዚህን በሰዓት ምት እየተመራ፥ ያለ ስሕተት በቃሉ እስኪወጣቸው ድረስ ሲደጋግም ከረመ፤ በ1883 ደግሞ እንደ ገና ጀመረው። እኛስ ከሊቅነቱ ይልቅ ትዕግሥቱ ያስደንቀናል።

7 ድምፆችን በአንድ ንባብ ሲይዝ፥ 12ቱ 17 ጊዜ ያህል፥ 36ቱ 55 ጊዜ መደጋገም ጠየቁት። የእንግሊዛዊውን ባለቅኔ የባይረንን ግጥም ባጠና ጊዜ ግን 80 ድምፅ ያለው አንድ አንጓ 9 ንባብ እንኳ አልፈጀበትም፤ ትርጕም ድካሙን ወደ አንድ ዐሥረኛ አወረደለት።

ቅደም ተከተሉንም መረመረ። 16 ድምፆችን በተራ ካጠና ከአንድ ቀን በኋላ አንዳንዱን እየዘለለ ቢያስተካክላቸው፥ ከድካሙ 11 ከመቶ ያህል ተረፈለት፤ ዝላዩ ሲበዛ ትርፉ አነሰ፤ ፈጽሞ ቢያዘበራርቃቸው ግን ምንም ያህል አልቀረለትም። ፊደል በተራ የቈጠርን ሁላችን አንዱን ለብቻው ስንጠየቅ ከመጀመሪያው መነሣታችን ከዚሁ የራቀ አይመስለንም።

መርሳትን የለካው ደግሞ ያጠናውን እንደ ገና ለማጥናት በሚወስድበት ጊዜ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጠፋል፤ ከወር በኋላ ግን አንድ አምስተኛው ገና አለ።

ይህን ሁሉ በ1885 በመጽሐፍ አወጣው። የአንድ ሰው አእምሮ ለሁሉ ሊበቃ አይችልም የሚለው ነቀፋ እውነትነት አለው። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ሹመት ስላላገኘ በ1894 ወደ ብሬስላው ሄደ፤ በ1909 በሐለ ከተማ በሳንባ ምች ዐረፈ። በ2015 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ቢሠሩት፥ መርሳቱ የእርሱን መስመር ተከትሎ ተገኘ።