ሱሊ፤ በጦርነት የጠፋችውን አገር ያቀና ሹም

በ1559 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር፣ በፈረንሳይ አገር ሮኒ በሚባል ስፍራ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙም ማክሲሚልያን ደ ቤቱን ተባለ። በኋላ ግን የሱሊ መስፍን ሆኖ ስለ ተሾመ፣ ሰው ሁሉ ሱሊ በሚለው ስም ያውቀዋል። ወላጆቹ ከመኳንንት ወገን ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውም ፕሮቴስታንት ነበረ።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ጦርነቱ በ1562 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ አንድ ጊዜ ሲበርድ አንድ ጊዜ ሲነድ፣ እስከ 1598 ዓ.ም. ድረስ 36 ዓመት ቈየ። ሱሊ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1572 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ሌሊት፣ በከተማይቱ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች ይገደሉ ጀመር። ልጁም የተማሪ ልብሱን ለብሶ፣ የካቶሊኮችን የጸሎት መጽሐፍ በብብቱ ይዞ፣ በገዳዮቹ መካከል አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። የትምህርት ቤቱም አለቃ ሦስት ቀን ሸሽጎ አዳነው። ሱሊም የወንድማማች ጦርነት ምን እንደ ሆነ በልጅነቱ አየ።

ከአደገ በኋላ የናቫርን ንጉሥ ሄንሪን ተከትሎ ተዋጋ፤ በ1590 ዓ.ም. በኢቭሪ በተደረገው ጦርነት ክፉኛ ቈሰለ። ይህ ሄንሪ የፈረንሳይን ዘውድ ወርሶ አራተኛ ሄንሪ ተባለ። በ1593 ዓ.ም. ንጉሡ መንግሥቱ እንዲረጋ ካቶሊክ ሆነ። ሱሊም ይህን እንዲያደርግ መክሮት ነበር፤ እርሱ ራሱ ግን በአባቶቹ ሃይማኖት ጸና። በ1598 ዓ.ም. ንጉሡ በናንት ከተማ አዋጅ አውጥቶ ፕሮቴስታንቶች እንደ ሃይማኖታቸው እንዲኖሩ ፈቀደ።

ጦርነቱ ቢቆምም አገሩ ጠፍቶ ነበር። መንደሮች ተቃጥለዋል፤ እርሻው ዳዋ ለብሷል፤ ድልድዮች ፈርሰዋል። ከጦር የተሰናበቱ ወታደሮች በየመንገዱ ይዘርፉ ነበር። ንጉሡም 300 ሚሊዮን ሊቭር ያህል ዕዳ ነበረበት፤ ሊቭር የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት መንግሥት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው በገበሬው ላይ ግብር መጨመር ነው። ሱሊ ግን ሌላ መንገድ ፈለገ።

አስቀድሞ ሒሳቡን መረመረ። በ1596 ዓ.ም. ወደ አንዳንድ አውራጃዎች ሄዶ የግብር ሰብሳቢዎችን መዝገብ አንድ በአንድ አየ። ገበሬው የከፈለው ገንዘብ ብዙው ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሳይደርስ በሹማምንቱ እጅ ቀርቶ አገኘው። ይህንንም አስመልሶ በጋሪ ጭኖ ንጉሡ ወደ ነበረበት ወደ ሩዋን ከተማ አመጣው። ስለዚህ የንጉሡ ድህነት ባላገሩ ጥቂት ስለ ከፈለ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። የሚያፈስ ማድጋ ውሃ ቢጨምሩበት አይሞላም፤ አስቀድሞ ቀዳዳው ሊደፈን ይገባል።

ከ1598 ዓ.ም. ጀምሮ ሱሊ የመንግሥቱን ገንዘብ የሚቈጣጠር ዋና ሹም ሆነ። ባላገሩ በጦርነቱ ዘመን ሊከፍል ያልቻለው እስከ 1596 ዓ.ም. ድረስ ያለው ውዝፍ ግብር ተማረለት፤ የየዓመቱም የመሬት ግብር ተቀነሰለት። ከዚያ በፊት በ1595 ዓ.ም. ንጉሡ የገበሬ የእርሻ ከብትና የእርሻ ዕቃ ስለ ዕዳ እንዳይወሰድ አውጆ ነበር። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። በሬው የተወሰደበት ሰው አያርስም፤ ያላረሰም በሚመጣው ዓመት የሚከፍለው የለውም። አበዳሪውም ግብር ሰብሳቢውም በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

እህልም ቢበቅል ወደ ገበያ ካልደረሰ ገበሬውን አይጠቅምም። ሱሊ በ1599 ዓ.ም. የመንገዶች ሁሉ የበላይ ሹም ሆኖ ተሾመ፤ መንገዶችን አስጠገነ፣ ድልድዮችን አሠራ፣ በመንገድ ዳርና ዳር ዛፍ አስተከለ። በየስፍራው ይከፈል የነበረውን ብዙ ቀረጥ አስቀረ፤ እህልና ወይን ጠጅም ወደ ውጭ አገር እንዲሸጥ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ረግረጉን የሚያደርቅ አዋቂ ተሾመ፤ ውሃ የተኛበት መሬትም ለእርሻ እንዲሆን ሥራ ተጀመረ። በ1604 ዓ.ም. ደግሞ የሎዋርንና የሴንን ወንዞች የሚያገናኝ፣ ጀልባ የሚሄድበት የብሪያር ቦይ መቈፈር ጀመረ። በዚህ ሥራ ወታደሮችም ስለ ተሰማሩ፣ ጦር ይይዝ የነበረ እጅ ዶማ ያዘ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዕዳው ብዙው ቀለለ፤ በፓሪስ በነበረው በባስቲ ግንብ ውስጥም ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ተጠራቀመ።

ነገር ግን ሱሊ ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም። ጠባዩ ቍጡና ኵሩ ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች ይጠሉት ነበር። የመሬት ግብር ቢቀንስም በጨው ላይ ያለው ግብር ከበደ፤ ጨው ደግሞ ድሃውም ሀብታሙም የሚበላው ነው። በ1604 ዓ.ም. ሹማምንት በየዓመቱ ገንዘብ እየከፈሉ ሹመታቸውን ለልጆቻቸው እንዲያወርሱ ተፈቀደ፤ ይህም ግምጃ ቤቱን ሲሞላ፣ ሹመትን የችሎታ ሳይሆን የገንዘብ አደረገው። ንጉሡ የሐር ሥራ እንዲስፋፋ ሲፈልግ ሱሊ ሐር የቅንጦት ነገር ነው ብሎ ተቃወመ። በዚህ ግን የንጉሡ አሳብ በለጠ፤ በኋላ የሊዮን ከተማ ሐር ለፈረንሳይ ትልቅ ሀብት ሆነ።

በግንቦት ወር 1610 ዓ.ም. ንጉሡ በሰው እጅ ተገደለ። ሱሊም በ1611 ዓ.ም. ሹመቱን ትቶ ወደ ርስቱ ተመለሰ። በብዙ ድካም ያጠራቀመው ገንዘብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመኳንንቱ እየተሰጠ አለቀ። የቦዩም ሥራ ተቋረጠ። ሱሊ 82 ዓመት ከኖረ በኋላ በታኅሣሥ ወር 1641 ዓ.ም. ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1642 ዓ.ም.፣ የብሪያር ቦይ ተፈጽሞ ጀልባዎች ይሄዱበት ጀመር።

በግምጃ ቤት የተከማቸው ወርቅ ቶሎ ተበተነ፤ በምድር ላይ የተሠራው መንገድና ቦይ ግን ከሠሪው ዕድሜ አለፈ። በጦርነት የጠፋ አገር የሚቀናው ድሃው በሬው ሲተውለት፣ ሹም በሒሳቡ ሲታመን፣ ያፈረሰ እጅም ተመልሶ ሲሠራ ነው።