የረጅሙ ሰንሰለት ሊቅ

ከዱራሜ መጥተን በአርትስ ፋኩልቲ የምንማር ተማሪዎች የኬሚስትሪ ሊቅ ታሪክ ስንጽፍ አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ሄርማን ሽታውዲንገር የመረመረው ጉዳይ ለቤታችን ቅርብ ነው። እናቶቻችን ከእንሰት የሚያወጡት ቡላም ቃጫም ከአንድ ዓይነት ስኳር የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፤ አያያዛቸው ስለሚለይ ግን አንዱ ይበላል፥ ሌላው ገመድ ይሆናል።

ሽታውዲንገር በ1881 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በዎርምስ ከተማ ተወለደ። ምኞቱ ዕፀዋትን ማጥናት ነበር፤ እነርሱን በሚገባ ለማወቅ ኬሚስትሪ እንዲማር ስለ ተመከረ ገባበት፥ በዚያውም ቀረ።

በ1920 ባወጣው ጽሑፍ፥ እንደ ጎማ ያሉት ነገሮች ትንንሽ ሞለኪውሎች በጽኑ ማሰሪያ ተያይዘው የሚሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን ገለጸ። የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት ግን ነገሩ በደካማ ኀይል የተሰበሰበ የትንንሾች ክምችት ነው ብለው ስለሚያምኑ አልተቀበሉትም። እርሱም በክርክር ብቻ አልተወሰነም፤ ጎማውን ከሃይድሮጂን ጋር አዋሐደው። እነርሱ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ ክምችቱ በተበተነ ነበር፤ አልተበተነም።

በ1926 ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጦርነትን ተቃውሞ ስለ ጻፈ፥ በናዚዎች ዘመን የዩኒቨርሲቲው አለቃ የነበረው ፈላስፋው ማርቲን ሃይዴገር ከሰሰው። ይህ ለእኛ ለአርትስ ተማሪዎች መራራ ትምህርት ነው፤ ብዙ መጽሐፍ ማንበብ ብቻውን ሰውን ፍትሐዊ አያደርግም። ሽታውዲንገር ግን ከብዙ ጭንቀት በኋላ በሥራው ጸና፤ በ1953፥ በ72 ዓመቱ፥ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1965 አረፈ።

የከፈተው መንገድ አልተዘጋም። በ1956 ሚካኤል ሽቫርትስ፥ አንዱ ሰንሰለት ማደጉን ሳያቆም ሌላ ዓይነት ሰንሰለት የሚቀጠልበትን ዘዴ አሳየ። ከሁለቱ ወገን አንዱ ውሃ ወዳድ፥ ሌላው ውሃ ጠል ከሆነ፥ በውሃ ውስጥ ውሃ ጠሉ ወደ ውስጥ ይሸሸጋል፥ ወዳዱም ይከበዋል። እንዲህ ራሳቸው ተሰብስበው የሚሠሩት ቅንጣት መጠኑ በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ነው፤ በሆዱም መድኃኒት ሊሸከም ይችላል።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ብዙዎች ስለ ተስማሙበት ብቻ አንድ ነገር እውነት አይሆንም። እንሰቱን ስንፍቅ እናስታውሰው።