የሽቦውን ምሥጢር የፈታው ኦሊቨር ሄቪሳይድ

በጊዳ አያናም ሆነ በነቀምቴ፣ ከጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ወደ ቤት በሚወርደው ገመድ ላይ ብዙ ጊዜ 75 ኦም የሚል ጽሑፍ ይታያል። ከዚህች ቁጥር በስተጀርባ፣ ትክክል ሆኖ ሳለ በዘመኑ ሹማምንት ያልተሰማ አንድ ሰው አለ። እርሱም እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው።

ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1850 በለንደን ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ብርቱ የትኩሳት በሽታ የመስማት ችሎታውን አዳከመው። በ16 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ። የአክስቱ ባል ከቴሌግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ቻርልስ ዊትስቶን ነበርና፣ ወጣቱም በዴንማርክና በእንግሊዟ ኒውካስል በቴሌግራፍ ሥራ ተሰማራ። በሁለቱ አገሮች መካከል በተዘረጋው የባሕር ገመድ መልእክት በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አለመፍጠኑን አስተውሎ ምክንያቱን መመርመር ጀመረ። በ24 ዓመቱ ሥራውን ለቅቆ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥራ አልያዘም። በራሱ ጥረት ረቂቅ ሒሳብ ተማረ፤ የማክስዌልን የኤሌክትሪክ ንድፈ ሐሳብ አጥንቶም ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጡት አራት ቀመሮች አጠቃለለው።

ያ ዘመን ሽቦ አህጉራትን የሚያገናኝበት ነበር። በኢትዮጵያም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀምሯል። ሆኖም በረጅም መስመር የተላከ ድምፅ ደክሞና ተድበስብሶ ይደርስ ነበር።

ነገሩን የመስኖ ቦይ ያስረዳል። ቦዩ ስፋቱን ጠብቆ ሲዘልቅ በውኃው ላይ የተነሣ ሞገድ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ድንገት ሲጠብብ ወይም ሲዘጋ ግን ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቦዩ የአፈር ከሆነ ደግሞ ውኃው በመንገድ ይሰርጋል። የኤሌክትሪክ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ሽቦው በመንገድ ያደክመዋል፣ መጋጠሚያው ካልተስማማም ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

መስመሩ ለምልክቱ የሚያሳየውን ጠቅላላ ተቃውሞ ለመግለጽ ኢምፔዳንስ የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1886 የሰጠው ሄቪሳይድ ነው። በመስመሩ ጫፍ ያለው መሣሪያ ተቃውሞው ከመስመሩ ጋር ከተዛመደ የደረሰው ኃይል በሙሉ ይገባለታል፤ ካልተዛመደ ከፊሉ ይመለሳል።

በ1887 ደግሞ ምልክትን የማያዛባ መስመር እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። የሽቦው ሬዚስታንስ ከኢንዳክታንሱ ጋር ያለው ምጣኔ፣ የመስመሩ የኤሌክትሪክ ስርገት ከካፓሲታንሱ ጋር ካለው ምጣኔ ጋር እኩል ከሆነ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ በእኩል ፍጥነት ይጓዛል፤ ቢደክምም በእኩል ይደክማል እንጂ አይዛባም። ለዚህም በመስመሩ ላይ ኢንዳክታንስ መጨመር እንደሚበጅ ገለጸ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታላቅ መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስ ግን ኢንዳክታንስን እንደ ጠላት ያይ ነበርና ሐሳቡን ተቃወመ፤ ጽሑፉም እንዳይታተም አገደ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ሚካኤል ፑፒን በመስመሮች ላይ በየርቀቱ የሽቦ ጥቅል የመግጠምን ዘዴ በስሙ አስመዝግቦ ብዙ ገንዘብ አገኘበት። የሐሳቡ ባለቤት ሄቪሳይድ ግን ከ1896 ጀምሮ መንግሥት በሚቆርጥለት በዓመት 120 ፓውንድ ይተዳደር ነበር።

ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። በ1891 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1922 የፋራዳይ ሜዳልያ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። በ1902 ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልስ ንብርብር በሰማይ ላይ እንዳለ ተናግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ በብቸኝነት ሲያርፍ፣ የንብርብሩ መኖር በሙከራ እየተረጋገጠ ነበር።

በሽቦ ውስጥ የሚመለሰው ሞገድ ኪሳራ ነው፤ ከሰማይ የሚመለሰው ግን የሩቅ አገር የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ወደ ገበሬው ቤት ያደርሳል። ሁለቱንም ቀድሞ ያስተዋለው ይኸው ጆሮው የደከመ ሰው ነው።