ሙሴ ኢልግና ሽቅብ የወጣው ውኃ

ብዙዎቻችን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች የመሐንዲስ ንድፍ ስናይ የመሥመር ክምር መስሎን ገጹን ገልጠን እናልፋለን። ያ መሥመር ለአገራችን ምን እንደ ሠራ ግን ከሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወት እንማራለን።

ሙሴ ኢልግ በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ በመጋቢት 1846 ዓ.ም. ተወለዱ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምረው በ1871 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ መጥተው አንኮበር ገቡ። ድልድይም ሆነ ቤት፣ ጠመንጃም ቢሆን እንዲሠሩ ይታዘዙ ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ እኛን የሚያስደንቀን በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተራራ እስከ ቤተ መንግሥቱ የተዘረጋው የውኃ ቧንቧ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከጉብታ ላይ ነውና ውኃው ቁልቁል ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። መሬቱን ከላይ ብቻ ለሚመለከት ሰው ይህ የማይሆን ነገር ይመስላል፤ ከላይ በተነሣ ንድፍ ጋራውም ሸለቆውም እኩል ናቸውና። መሐንዲሶች ሴክሽን የሚሉት ንድፍ ግን ነገሩን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርጦ ውስጡን ያሳያል። የተቆረጠው አካል በሰያፍ መሥመሮች ይሞላል፤ ባዶው፣ ይኸውም ውኃው የሚያልፍበት፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መሬቱን እንዲሁ ቆርጠን ከቤተ መንግሥቱ ወደ ተራራው አግድም መሥመር ብንሰድ፣ ምንጩን ከመሥመሩ በላይ እናገኘዋለን። ቧንቧው ካላፈሰሰ የዚያ ከፍታ ግፊት ውኃውን ጉብታው ላይ ያወጣዋል። ውኃውም ወጣ፤ ሕዝቡም ተደንቆ ግጥም ገጠመለት።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. ሙሴ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ከዓፄ ምኒልክ ፈቃድ ተቀበሉ፤ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሲሞቱ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ከለገጣፎ አጠገብ ካለው ከለገዳዲ፣ በቡራዩም በኩል ከገፈርሳ ግድብ ውኃ ታገኛለች። የቧንቧው መንገድ በሸለቆና በጉብታ ስለሚያልፍ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መቆረጥ አለበት።

በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እየተባለ ይሰደብ ስለ ነበር ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ንቀቱን ከልብ ማውጣት የእኛ የተማሮቹ ድርሻ ነው። የምሕንድስና ጓደኞቻችንን ንድፍ አንድ ቀን አስነብበው እንዲያሳዩን ብንጠይቃቸው ጥሩ መጀመሪያ ይሆነናል።