አክሊሉ ለማ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935 – ኤፕሪል 5 ቀን 1997) በጥገኛ ተውሳኮች ላይ የተመራመሩ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ነበሩ። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከእንዶድ ጋር ነው። የአገሬው ሴቶች ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት የዚህ ተክል ፍሬ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር ያሳዩት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረቱት የምርምር ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የመጀመሪያ ዘመን

አክሊሉ የተወለዱት በቀድሞው ሐረርጌ ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በጥገኛ ተውሳኮች ላይ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ወጣቱ ምሁር ከክፍል ይልቅ ብዙ ጊዜውን በወንዝ ዳር ማሳለፉ አያስገርምም።

በዓድዋ የታየው

ቢልሃርዚያ የሚመጣው በደም ሥር ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ጠፍጣፋ ትል ነው። የትሉ እንቁላል በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈልና የተወሰነ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ በብዛት ይወጣል፤ ከዚያም በወንዙ የሚዋኝ ልጅ ወይም ልብስ የምታጥብ ሴት ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ቀስ በቀስ ስለሚጎዳ ታማሚው የበሽታውን መነሻ ሳያውቅ ይደክማል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዚህም ምክንያት በዘመኑ በሽታውን ለመቆጣጠር ዋናው መንገድ ቀንድ አውጣውን መግደል ነበር።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ የሄዱት የቀንድ አውጣዎቹን ሥርጭት ለማጥናት ነበር። በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ከልብስ ማጠቢያው ከፍ ብሎ ወይም ራቅ ብሎ ግን ያሉት በሕይወት አሉ። ቀንድ አውጣ በተለያየ ምክንያት ሊሞት ይችላል፤ የውኃው ሙቀት ሊለወጥ፣ ወንዙ ሊደርቅ፣ በሽታ ሊገባ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ግን ከማጠቢያው በላይ ያሉትንም መንካት ነበረባቸው። ስለዚህ ጥያቄው ሴቶቹ ውኃው ውስጥ ምን እየጨመሩ ነው ወደሚለው ጠበበ።

የሚጨምሩት እንዶድ ነበር። አክሊሉ ከሴቶቹ የእንዶዱን አረፋ ተቀብለው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ እንዲጨመር አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ይህ ሙከራ ምንም ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም። የአክሊሉ ብልሃት ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያየውን ነገር እንደ ምልክት መቁጠራቸውና ግምታቸውን እዚያው በቦታው መፈተናቸው ነው።

እንዶድ እና አሠራሩ

እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በአፋን ኦሮሞ ሃንዶዴ ይባላል። በደጋና በወይና ደጋ በአጥርና በጫካ ዳር የሚበቅል ተንጠላጣይ ቁጥቋጦ ነው። ከአምቦና ከጉደር እስከ ጊንጪ ያለው የምዕራብ ሸዋ ምድር፣ ልክ እንደ ሌላው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ፣ ለተክሉ የሚስማማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ሲሆን ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ፍሬው ተለቅሞ ደርቆ ይወቀጣል፤ ከውኃ ጋር ሲሻሽም አረፋ ይሰጣል። ፋብሪካ የሠራው ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ በፊት የሸማ ልብስ የሚነጣው በእንዶድ ነበር።

አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ያው ነው። በኋላ አክሊሉ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ባለሙያ ከሮበርት ፓርክኸርስት ጋር ባደረጉት ጥናት ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፤ በአክሊሉ አባት ስምም ለማቶክሲን ተባለ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ተገኘ። ፍሬው በአልኮል ሲጨመቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ተወቅጦ በተራ ውኃ ሲዘፈዘፍ ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ኤንዛይም ንጥረ ነገሩን ወደ ገዳይ መልኩ ይለውጠዋል። የገጠር እናቶች ሳያውቁት ትክክለኛውን የአዘገጃጀት ዘዴ ይዘው ኖረዋል ማለት ነው።

ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል፤ ስንጥቡን ስለሚጎዳው ዓሣው መተንፈስ ያቅተዋል። በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች በዚህ የምርመራ አካሄድ አይቸገሩም። ገንዳው ውስጥ አዲስ ዓሣ ከገባ በኋላ ነባሮቹ ተራ በተራ፣ በቀናት ልዩነት መታመም ከጀመሩ አዲሱ ዓሣ ተውሳክ ይዞ መምጣቱ ይጠረጠራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካለቁ ግን ቅድሚያ የሚመረመረው ውኃው ነው። በዓድዋ ወንዝ የታየው የሁለተኛው ዓይነት ነበር። እንዶድ ዓሣን መጉዳቱ ግን ለአክሊሉ ሥራ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ ዓሣ በሚጠመድበት ውኃ ላይ እንዳሻው የሚረጭ አይደለም። በሌላ በኩል በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈርሶ ስለሚጠፋ በአፈርና በውኃ አይከማችም። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ግን እምብዛም ስለማይገድል ደግሞ ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል።

የአምስት ዓመቱ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1966 አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ከቢልሃርዚያ ሌላ በሊሽማንያሲስና በሌሎች የአገሪቱ በሽታዎች ላይ ጥናት አካሂዷል። ጥናቱ ለልማትም ያስፈልግ ነበር፤ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ የሚነሣው የአዋሽ ውኃ ወደ ወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሲደርስ በመስኖ ቦዮቹ ውስጥ ለቀንድ አውጣ የተመቸ ቤት ሆኖ፣ ቢልሃርዚያ የሠራተኞቹ በሽታ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

ትልቁ የመስክ ሙከራ የተካሄደው ግን እንዶድ በተገኘበት በዓድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በከተማዋ ባሉ ጅረቶች ላይ የአገር ውስጥ እንዶድ በየጊዜው ተረጨ። ከ5 ዓመት በኋላ በሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ ጥሩ መለኪያ ናቸው፤ ትሉ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር አዋቂው የያዘው በሽታ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃን ሕመም ግን አዲስ ነው። የሕፃናቱ ቁጥር መውረዱ ወንዙ ራሱ ማስተላለፉን እያቆመ መምጣቱን ያሳያል።

በዚሁ ጊዜ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዝርያዎች እያወዳደሩ ከእነዚያ መካከል ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ኃይሉ የበረታ፣ ፍሬው የበዛ፣ ተባይንም የሚቋቋም ነበር። ያለዚህ ሥራ እንዶድ የዱር ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀር ነበርና ሽልማቱ ለሁለቱ በጋራ መሰጠቱ ተገቢ ነው።

ተቀባይነት ያጣ ግኝት

ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ እንዶድ በዓለም አቀፍ የጤና ፕሮግራሞች ውስጥ አልገባም። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው በአውሮፓ የሚመረት ኬሚካል ሲሆን ዋጋው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም። የእንዶድ ሐሳብ ደግሞ ገበሬው ራሱ አብቅሎ፣ ወቅጦ፣ ወንዙን ራሱ እንዲያክም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የተነሣው ጥያቄ ግን የመርዛማነት ጥናቱ የዓለም አቀፍ ደረጃን በሚያሟሉ ላቦራቶሪዎች አልተደረገም የሚል ነበር። ጥያቄው በራሱ ስህተት አይደለም፤ ወደ ወንዝ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያካሂድ ላቦራቶሪ በአፍሪካ አለመኖሩና ለምርመራው ገንዘብ የሚያወጣ አካል መጥፋቱ ነው። ተክሉን ማንም አብቅሎ ሊጠቀምበት ስለሚችል ለመድኃኒት ኩባንያ ትርፍ የሚሰጥ አልነበረም።

አክሊሉ በ1989 ስቶክሆልም ላይ ባደረጉት ንግግር ይህን በግልጽ አንሥተዋል። በእርሳቸው እምነት የእንዶድ ትልቁ መሰናክል በሳይንሱ ውስጥ አልነበረም፤ ከድሃ አገር በመጣ ሳይንቲስት ሥራ ላይ ያለው ንቀትና ጥርጣሬ ነበር። በኋላ በካናዳ ድጋፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ ተደርጓል። በዚያን ጊዜ ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጥቶ ነበርና የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ታማሚው ዞረ። ሰዎቹ በሚታከሙበት ጊዜ ወንዙ ያው ወንዝ ስለሆነ የዳኑትም መልሰው ይያዛሉ፤ ይህን ለዓመታት ሲናገሩ የቆዩት እነ አክሊሉ ናቸው።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ

የእንዶድ ታሪክ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ያዘ። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ የሚነሣ ዚብራ መስል የሚባል ባለ መስመር ትንሽ ዛጎላም እንስሳ፣ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚይዙት ውኃ ውስጥ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ደረሰ፤ በ1988ም ተገኘ። ሳይለዩና ሳያቆዩ አዲስ ዓሣ ገንዳ ውስጥ እንደመጨመር ያለ ስህተት ነበር፤ ልዩነቱ ገንዳው ሐይቅ መሆኑ ብቻ ነው። እንስሳው የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧ ደፈነ፤ የሐይቁን ምግብም ከዓሣዎቹ ተሻማ።

አክሊሉ በ1990 ከኦሃዮው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ተቀብለው ነበር። እዚያ ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ጋር ባደረጉት ሙከራ የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነውን ይህን እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታየ። አክሊሉም በስማቸው የገቡበት የፈጠራ መብት በአሜሪካ ተመዘገበ። ምዝገባው ከሥነ ሕይወት ሀብት ተሟጋቾች ዘንድ ብርቱ ጥያቄ አስነሣ፤ እንዶድን ለዘመናት ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚል። ከዚያ ወዲህ በአገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት ላይ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ እንዶድ እንደ ምሳሌ ደጋግሞ ይጠቀሳል።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ አክሊሉ አብዛኛውን ጊዜ የሠሩት በውጭ አገር ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ተሰማርተው፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ኃላፊነት አገልግለዋል። በነዚህ ዓመታትም የአፍሪካ ሳይንቲስቶች የራሳቸውን ላቦራቶሪ እንዲያገኙ መወትወታቸውን አላቋረጡም። ኤፕሪል 5 ቀን 1997 በአሜሪካ በ61 ዓመታቸው አረፉ። በ1966 የመሠረቱት ተቋም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስም አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል።